«ደርቢ» እያልኩ የጮህኩበት ዓመት

ሰው እንደማይወደኝ አውቃለሁ። ከጎጃም ተመድቤ ነቀምቴ የመጣሁ የስፖርት መምህር ነኝ። ስድስት ዓመት ሞላኝ፤ በእነዚህ ስድስት ዓመታት ቤቴ ድረስ መጥቶ እንዴት ሰነበትክ ያለኝ የሥራ ባልደረባ በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል። አልፈርድባቸውም፤ እኔም እነሱን ብሆን እኔን አልጠይቅም። ቶሎ እቆጣለሁ፣ አንዴ ከተቆጣሁ ደግሞ ማን መጣ ማን ሄደ አልልም። እናቴ በሕይወት ሳለች «የኔ ልጅ አፉ ከእግሩ ይቀድማል» ትለኝ ነበር። ለስፖርት መምህር ጥሩ ምርቃት አይደለም።

በሦስተኛው ዓመት ትምህርት ቤቱ የሴቶቹን እግር ኳስ ቡድን ሰጠኝ። ሰጠኝ ማለት እንኳ ማጋነን ነው፤ ሌላው መምህር አልፈልግም ሲል እላዬ ላይ ጣሉት። ሜዳው ተዳፋት ነው፤ ከላይኛው ግብ ቁልቁል የተመታ ኳስ ማንም ሳይነካው ታች ይደርሳል። ክረምት ሲገባ ቀዩ ጭቃ ጫማ ያወልቃል። ከሜዳው ጠርዝ ባጃጅ የሚያጥቡ ጎረምሶች ነበሩ፤ ዋና ሥራቸው ግን ማጠብ ሳይሆን በእኔ መሳቅ ነበር። ደጋግሜ አባረርኳቸው፤ ደጋግመው ተመለሱ።

ልጆቹ ኳስ ይችላሉ። ይሮጣሉ፣ ይቆጣጠራሉ፣ ይደፍራሉ። በሽታቸው አንድ ነው፤ ኳስ ሲያገኙ ወደ ጎን ነው የሚሰጡት። አንዷ ለአጠገቧ፣ እሷም ለአጠገቧ፣ ጨው እንደሚዋዋሱ ጎረቤታሞች። ጨዋታውን ሙሉ ጨው ሲዋዋሱ ቆይተው ተቃራኒው ቡድን አንዴ ነጥቆ ያገባባቸዋል። እኔ ደግሞ ወደ ጎን የሚሄድ ኳስ ሳይ ያንገሸግሸኛል። ተቃራኒ ቡድን ሦስት አጥር አለው፤ የአጥቂዎቹ፣ የአማካዮቹ፣ የተከላካዮቹ። ኳሷን በሁለት ሰው መሃል ሰንጥቀሽ ከአጥሩ ጀርባ ለቆመችው ጓደኛሽ ካደረስሽ፣ ሳትሮጪ፣ ሳያልብሽ፣ በአንድ ምት አራት ሰው ጣልሽ ማለት ነው። እኔ የማምነው ይህንን ብቻ ነው።

ይህንን ለማስተማር ከቤቴ የልብስ ማስጫ ገመድ ፈትቼ መጣሁ። አራት አራት ልጆች በሁለት ረድፍ ቆመው ገመዱን በጉልበታቸው ልክ ይይዛሉ። አንዷ ከወዲህ፣ አንዷ በረድፎቹ መሃል፣ አንዷ ከወዲያ ትቆማለች። ኳሷ ከገመዱ ሥር እየሾለከች ከወዲህ ወዲያ መድረስ አለባት። ገመዱን የተሻገረች ልጅ ሜዳውን ትዞራለች። ሰው አያልፍም፣ ኳስ ነው የምታልፈው፣ እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ።

ከዚያ «ፓስ» የሚለውን ቃል ከለከልኩ። ለእነሱ ፓስ ማለት ጨው ማዋስ ነው፤ ቃሉን ሲሰሙ አንገታቸው ወደ ጎን ይዞራል። ለሰንጣቂዋ ኳስ ሌላ ቃል ያስፈልጋል አልኩ፣ ያውም በቋንቋቸው። እዚህ ላይ ጉራዬ ገባ። ኦሮምኛን ከገበያና ከታክሲ ለቃቅሜ ነው የተማርኩት፤ ሰላምታ እችላለሁ፣ መከራከር እችላለሁ፣ መሳደብማ ከተወላጁ አላንስም። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ደርቢ፣ ደርቢ» ይላል፤ እለፍ፣ ወደ ውስጥ እለፍ ማለቱ ነው። ከዚህ የተሻለ ቃል ከየት ይመጣል? እኔ «ደርቢ» ስል ኳሷ አጥሩን ሰንጥቃ ትሂድ ብዬ ደነገግኩ።

ቃሉን ያወጅኩ ቀን ሳቁ። በአነጋገሬ ነው የሚስቁት አልኩና ሁሉንም አሥር ዙር አስሮጥኳቸው። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት የሳቀ የለም። ግን ሌላ ነገር አመጡ። ጨዋታ ላይ እኔ «ደርቢ» ስጮህ እነሱ እርስ በርሳቸው «ደበርሲ! ደበርሲ!» ይባባላሉ። እኔ የሰማሁት ደበረኝን ነው። የዛሬ ልጅ አፉ ላይ ያለው እሱ አይደል? ትምህርት ደበረኝ፣ ቤት ደበረኝ፣ መኖር ደበረኝ። የእኔም ልምምድ ደበራቸው፤ ያውም በአማርኛ፣ እንድሰማው፣ ጫፉን አጣመው። ደሜ ፈላ። ደበርሲ ያለችውን ሁሉ ከሜዳ አስወጣ ጀመር። ልጆቹ ለምን እንደወጡ ግራ ገብቷቸው ያዩኛል፤ እኔ ደግሞ ተንኮላቸው የተነቃባቸው መስሎኝ ደስ ይለኛል።

ከሁሉም የምትበልጠው ከጉቴ የምትመጣ አማካይ ነበረች፣ ስምንት ቁጥር። ጉቴ ቅርብ ናት፤ ጠዋት በሚኒባስ ትመጣለች፣ መኪና ካጣች በእግሯ። እናቷ ጉቴ ገበያ አንጮቴ ትሸጣለች፤ አንጮቴ የወለጋ ሥራ ሥር ነው፣ ከድንች የሚጣፍጥ፣ ለተሰበረ ሰው አጥንት ይጠግናል የሚባልለት። ልጅቷ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች፤ ዝምተኛ፣ ረጅም፣ ኳስ ሳይደርሳት አንገቷን ወዲያና ወዲህ አዙራ ማን የት እንደቆመ የምታይ። ይህንን ማንም አላስተማራትም። ልምምድ ላይ ገመዶቹን ስትሰነጥቅ እኔ ራሴ መጮህ እረሳ ነበር። ጨዋታ ሲሆን ግን ታብድብኛለች። ጓደኞቿ ከፊት ቆመው፣ እኔ «ደርቢ!» ስል፣ ራሷ ኳሷን እየገፋች አጥሩ ውስጥ ትገባለች። አንዷን ታልፋለች፣ ሁለተኛዋን ታልፋለች፣ ሦስተኛዋ ትነጥቃታለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ በየጨዋታው። ሌሎቹም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ እነሱን አይችሉም ብዬ አልፋቸዋለሁ። እሷ ግን ትችላለች፤ ስለዚህ የእሷ ንቀት ነው አልኩ።

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ገመድ ስጠቀልል ጫማዋን በእጇ ይዛ መጣች።

«ቲቸር፣ ያ ቃል… ደርቢ የሚሉት፣ እሱ እኮ…»

አላስጨረስኳትም። ቋንቋ ልታስተምሪኝ ነው የመጣሽው አልኳት። አንቺ ሳትወለጂ ነው መምህር የሆንኩት፣ አፌ ላይ ከምትስቂ እግርሽን አስተካክዪ አልኳት። በዚህ ባበቃ ደግ ነበር። አፌ ከእግሬ ቀደመና፣ የሚሉሽን መስማት ካቃተሽ ሄደሽ ከእናትሽ ጋር አንጮቴ ሽጪ አልኳት። ባጃጅ አጣቢዎቹ እንኳ ያን ጊዜ አልሳቁም።

«እሺ። ከዛሬ ጀምሮ ያሉኝን አደርጋለሁ» አለችና ሄደች። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ አንገር ጉቲን ሄደን አንድ ጨዋታ ተጫወትን። መንገዱ ወገብ ይቆርጣል፣ ቆላው ይፈላል፤ እዚያ ስንደርስ ጉንፋን ድምፄን ነጥቆኝ ነበር። መተንፈስ እንጂ መጮህ አልቻልኩም። ያገሬው ሰው አብዛኛው በሰፈራ የመጣ ነው፤ ወሎዬ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከመስመሩ ጥግ ተደርድረዋል። የማንም ደጋፊ አልነበሩም፤ ኳስ በያዘች ልጅ ሁሉ ላይ «አሳልፊ! ኧረ አሳልፊ አንቺ ልጅ!» እያሉ ይጮሃሉ። ልጆቼ ያን ቀን እንደ ውሃ ፈሰሱ። የጉቴዋ ልጅ አጥር አላስቀረችም፤ ሦስት ለዜሮ አሸነፍን። እኔ ምን አልኩ? ዝምታዬ አስፈራቸው አልኩ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ሲዘፍኑ ደግሞ በጣም አትደሰቱ ብዬ አስቆምኳቸው።

በትምህርት ዘመኑ ማገባደጃ ላይ ለአንድ የሴት ተጫዋቾች ማሠልጠኛ ልጆች የሚመርጡ ሁለት ሰዎች እንደሚመጡ ተነገረን። የተመረጠች ልጅ ማደሪያና ምግብ ተሰጥቷት፣ ትምህርቷንም እዚያው ይዛ ኳስ ትጫወታለች። የዕድሜ ገደብ አለው፤ ለጉቴዋ ልጅ ያ የመጨረሻ ዓመቷ ነበር። ከእኛ የምትመረጥ ካለች እሷ እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። ጨዋታው ዕለት እናቷ መደቧን ትታ መጣች። «አከም ጂርቱ፣ በርሲሳ» ብላ፣ እንዴት ነዎት መምህር ማለቷ ነው፣ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። አማርኛዋ ትንሽ ነው፤ ከትንሿ ውስጥ አንዷን ቃል መርጣ «አደራ» አለችኝ። እኔም «አዴ» ብዬ፣ ወይዘሮ ማለት ነው፣ አያስቡ አልኳት።

የገጠምነው ከሲሬ ከመጣ ቡድን ጋር ነው። መራጮቹ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ በካፊያው ዣንጥላ ዘርግተው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጨዋታው ሞቅ ሲል ኳሷ መሃል ላይ የጉቴዋ ልጅ ጋ ደረሰች። ክፍተቱ እንደ በር ተከፍቷል፤ አጥቂያችን ከተከላካዮቹ ጀርባ እጇን አንስታ ብቻዋን ቆማለች። «ደርቢ!» አልኩ። ልጅቷ ቀና ብላ አየች። ኳሷን አይደለም፣ አጥቂዋን አይደለም፣ እኔን። ኳሷን ረግጣ ቆማ አየችኝ። «ደርቢ! ደርቢ እኮ ነው የምልሽ!» ዓይኗን ከእኔ አነሳችና ኳሷን ይዛ ሰተት ብላ ገባች። አንዷን አለፈች፣ ሁለተኛዋን አለፈች፣ ሦስተኛዋ እግር ሥር ኳሷን ጥላ ጭቃው ላይ ወደቀች። ሲሬዎች በዚያው ኳስ ሄደው አገቡ። ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ደገምነው፤ አየችኝ፣ ጮህኩ፣ ገባች፣ ተነጠቀች።

ቀየርኳት። በአጠገቤ ስታልፍ ምን ነበር ያልኩሽ ብዬ አፈጠጥኩባት። ጭቃውን ከጉንጯ እየጠረገች «እለፊ አሉኝ፣ አለፍኩ» አለች። ተሳለቀችብኝ አልኩ። እንዲያ ነው እንግዲህ፤ እውነቱን ጆሮዬ ላይ አስቀምጣልኝ ስትሄድ እኔ ስድብ አድርጌ ወሰድኩት።

ጨዋታው ሲያልቅ መራጯ ሴት ወረቀቷን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ስምንት ቁጥሯ እግሯ ጥሩ ነው አለችኝ፣ ታያለች፣ ግን ለምን አታቀብልም? ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ፦

«ጠባይዋ እንዴት ነው? ትታዘዛለች?»

«አትታዘዝም» አልኳት።

ሴትዮዋ ዣንጥላዋን አንገቷ ላይ አስደግፋ አንድ መስመር ሰረዘች። እናትየዋ ከወዲያ ማዶ ሆና እያየችን ነበር፤ ስለ ልጇ መልካም የማወራ መስሏት አንገቷን ዝቅ አድርጋ አመሰገነችኝ። ልጅቷ ከዚያ ቀን በኋላ ልምምድ አልመጣችም። እኔም ገላገለችኝ ብዬ ለሌላው መምህር አወራሁ።

ወር ሳይሞላ ለፈተና ቁጥጥር ጉቴ ሄጄ በሚኒባስ ስመለስ ነው ጉዴ የፈላው። የገበያ ቀን ስለነበር መኪናው ጢም ብሏል። ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ ለወጣቱ «ደርቢ»፣ ለሽማግሌው ደግሞ በአክብሮት «ደርባ» እያለ ያስገባል። መንገድ ላይ አንዲት ሴት ወረደች፤ መኪናው ሊነሳ ሲል ዶሮዬን ብላ ጮኸች። እግሯ የታሰረ ዶሮ ከኋለኛው ወንበር ሥር ቀርታ ኖሯል። የኋላው ሰው አንስቶ ለፊተኛው ሰጠ፣ እሱም ለፊተኛው፣ እኔ እጅ ላይ ደረሰች። ዶሮ ታቅፌ ግራ ገብቶኝ ስቀመጥ ከኋላዬ ያሉ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ነክተው «ደበርሲ» አሉኝ።

ቱግ አልኩ። ዞሬ «ምኑ ነው የሚደብረው?» አልኳቸው።

መኪናው ሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ረዳቱ በሩን ይዞ ተንበረከከ። ሽማግሌው ብቻ አልሳቁም። ፊደል እንደሚያስቆጥሩት ሕፃን ቀስ ብለው አስረዱኝ።

«ልጄ፣ ደርቢ ማለት አንተ ራስህ እለፍ ነው። ደበርሲ ማለት አሳልፍ፣ ለፊተኛው ስጥ። ዶሮዋን አሳልፍ ነው የምልህ።»

አሳለፍኳት። በሁለት ሰው መሃል ሾልካ ፊተኛው ወንበር ደረሰች፣ ከዚያ በመስኮት ለባለቤቷ። ዓመት ሙሉ በገመድ ያስተማርኩት ቅብብል በዶሮ ተሳካ። ሰው እየሳቀ ነው፤ እኔ ሱሪዬ ላይ ላባ ይዤ የእነዚያን ልጆች ፊት አስታውሳለሁ። እለፊ ብያቸው ለምን አለፋችሁ ብዬ ሰደብኳቸው። አሳልፊ ሲባባሉ፣ እኔ የምፈልገውን ሲነጋገሩ፣ አንድ በአንድ ከሜዳ አስወጣኋቸው። ምላሴን ቢቆርጠው ምን ነበረበት! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል እሰማ ነበር፤ ወለምታው ግን ዓመት ሙሉ የኖረበት ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

በማግስቱ መራጯን አፈላልጌ ደወልኩላት። የስም ዝርዝሩ ከሄደ ቆይቷል አለችኝ። አትታዘዝም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ትታዘዛለች አልኳት፣ ከልክ በላይ ትታዘዛለች፣ ማዘዝ ያልቻልኩት እኔ ነኝ። የሰከርኩ ሳይመስላት አልቀረም። ለሚቀጥለው ዓመት ዕድሜዋ ያልፋል አለችና ዘጋችው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጉቴ ሄድኩ። ልጅቷ ኩንታል ከፍታ አንጮቴ ከምራ ተቀምጣለች። ሄደሽ ሽጪ ያልኳት ቦታ ላይ። እናቷ አልነበረችም፤ ስለዚያ አምላኬን አመሰገንኩ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቃሉን፣ ዶሮዋን፣ ለመራጯ ያልኩትን ሳይቀር። ዶሮዋ ጋ ስደርስ ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። አንጮቴውን ትልቁን ወደ ላይ፣ ትንሹን ወደ ሥር እየደረደረች አዳመጠችኝ።

«አውቅ ነበር» አለችኝ። «ገመዱ ላይ ምን ለማለት እንደፈለጉ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጨዋታ ላይ ሌሎቹን ጆሯቸው ይቀድማቸዋል። እኔንም መጀመሪያ እንዲሁ ነበር፤ አንጮቴ ሽጪ ካሉኝ ወዲህ ግን እልህ ነው። ያሉኝን አደርጋለሁ ብዬ ነበር፤ አደረግኩ።»

መራጮቹ ፊት እንኳ፣ ያን ቀን እንኳ፣ ብዬ ጠየቅኳት።

«ያን ቀን ዞሬ አየሁዎት። ሁለት ጊዜ። አንገር ጉቲን እንዳሉት ሽማግሌዎች አንዴ በአማርኛ አሳልፊ ቢሉኝ አሳልፍ ነበር።»

እልህ ምላጭ ያስውጣል። የዋጠችው እሷ ናት፤ ያቀበልኳት እኔ ነኝ። በገዛ ቋንቋዬ አንዲት ቃል ብል ይበቃ ነበር፤ የእነሱን አውቃለሁ የሚል ጉራ ግን አፌን ይዞት ነበር። ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ። ጆንያ የያዙ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ቆመው፣ መደቡን ጋርጄባቸው፣ አንገታቸውን እያሰገጉ አንጮቴውን ያያሉ። ልጅቷ በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየቻቸውና ወደ እኔ ተመለሰች።

«ገበያተኛ ቆሟል» አለችኝ። ከዚያ በቋንቋዋ «ደርቢ» አለች።

ደርባ አላለችኝም። ለመምህር፣ ለታላቅ፣ ለአባት እኩያ የሚባለው ደርባ ነው፤ እሷ የሚገባኝን መርጣ ሰጠችኝ። ዓመት ሙሉ የጮህኩበትን ቃል ያን ቀን ገና በትክክል ሰማሁት። አለፍኩ።